የእትዬ አሰገደች ድንጋይ

በዚያ ቀን ጠዋት ከፓርኩ በር ፊት የነበርነውን በስም ልጥራ። ኬቨን ነበር፤ የሰሜን ለንደኑ የኤድመንተን ፖስታ አዳይ፣ ሽበቱን ከኋላ በላስቲክ የሚያስር። ሞሪን ነበረች፤ ጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ሾፌር፣ በታጣፊ ወንበሯ ላይ። ሊያ ነበረች፤ የእትዬ አሰገደች የእህት ልጅ፣ እዚሁ ለንደን ተወልዳ ያደገች። አቶ ታደሰ ነበሩ፤ የዕድራችን ሊቀ መንበር፣ በዚያ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሰው ክራባት አስረው። እኔ ነበርኩ። ከሁላችንም ፊት፣ የሰልፉ መጀመሪያ ላይ፣ አንድ ድንጋይ ነበረ። ድንጋዩ የእትዬ አሰገደች ነው። እሳቸው ግን ተቀብረው ሳምንት ሆኗቸዋል።

ድንጋዩ ጥቁር ነበር የሚሉ አሉ። አልነበረም። አመድማ ነው፣ በአንድ ጎኑ ነጭ መስመር አለው፣ ሁለት ጡጫ ያህላል። ሥሩ ጠፍጣፋ ስለሆነ ሲያስቀምጡት አይንከባለልም። እትዬ አሰገደች የመረጡትም ለዚህ ነው።

በቀብራቸው ላይ የሕይወት ታሪካቸው ተነቧል። የጻፉት አቶ ታደሰ ናቸው። የት እንደ ተወለዱ፣ በደርግ ዘመን በሱዳን በኩል እንዴት እንደ ወጡ፣ ሼፈርድስ ቡሽ ውስጥ በአንድ ልብስ ቤት ሱሪ እያሳጠሩ ዚፕ እየቀየሩ ስንት ዘመን እንደ ሠሩ፣ ቤተ ክርስቲያኑን እንዴት እንዳገለገሉ፣ ሁሉም አለበት። በደንብ የተጻፈ ነው። አንድ ነገር ብቻ ጎድሎበታል። እኚህ ሴት ለንደን ከመጡ ወዲህ የወደዱት የሮክ ባንድ በታሪካቸው ውስጥ የለም። ረስተውት አይደለም፤ አቶ ታደሰ አስበውበት ነው የተዉት። እኔም አስቤበት ነው የምጽፈው።

ባንዱ የእንግሊዞች ነው። አራት ሰዎች ናቸው፤ እኔ ሳውቃቸው አራቱም ስልሳን አልፈዋል፤ ከበሮ መቺው ሲነሳ ወገቡን ይዞ ነው። ጋዜጣ ላይ «እነዚህ ሰዎች መቼ ነው የሚበቃቸው?» እየተባለ ይጻፍባቸዋል። እትዬ አሰገደች ግን የሚጠሯቸው «ልጆቹ» እያሉ ነበር። «ልጆቹ አዲስ ካሴት አወጡ» ይሉኛል፣ ካሴት ከጠፋ ከስንት ዘመን በኋላ። እኛም በዚያው ስም ቀርተናል፤ ኬቨን እንኳ «ልጆቹ» የሚለውን በአማርኛ ነው የሚለው።

እኔ ለንደን የገባሁት ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ በመጣው ጣጣ ነው። ዋይት ሲቲ ውስጥ በእትዬ አሰገደች ቤት አንዲት ክፍል ተከራየሁ። ያኔ አበሻ ከአበሻ ጋር ሲገናኝ ከ«ደኅና ነህ?» ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ከማን ወገን ነህ?» ነበር። ሰው በዚህ ተኳርፎ በቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ውስጥ ግራና ቀኝ ተለያይቶ ይቀመጥ ነበር። እትዬ አሰገደችን አንዱ ሲጠይቃቸው ሰማሁ።

«እርስዎስ ከማን ወገን ነዎት?»

«ከልጆቹ።»

«የትኞቹ ልጆች? አዲስ ፓርቲ ነው?»

«የቆየ ነው» አሉት፣ «ግን እስካሁን አልተከፋፈለም።»

ቤታቸው ሳሎን ግድግዳ ላይ የቅድስት ማርያም ሥዕል አለ፤ ከሱ ራቅ ብሎ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ የልጆቹ ፎቶ። ሁለቱ እንዳይተያዩ ብለው ሆን ብለው ነው ያራራቋቸው። «እመቤቴ አትቆጣም፤ ግን ድምፅ ይበዛባታል» ይሉ ነበር።

የልጆቹ ፍቅር እንዴት እንደ ጀመራቸው ጠይቄያቸዋለሁ። ሱሪ እየሰፉ ነበር፤ ቀና ሳይሉ ነገሩኝ።

«መጀመሪያማ ጠላኋቸው። ገና እንደ መጣሁ ከኔ በላይ ያለ ጎረምሳ ጠዋት ማታ እነሱን ይከፍታል። እኔ በመጥረጊያው እንጨት ጣሪያውን እደበድባለሁ። እሱ ይጨምራል፤ እኔ እጨምራለሁ። እንዲህ ስንባባል ከረምንና አንድ ቀን ቤት ለቀቀ። ደስ አለኝ። ግን ጭር አለ። ጭርታው ከጩኸቱ ባሰብኝ። ገበያ ወርጄ የዘፈን ሸክላ ለሚሸጠው ሰውዬ ዜማውን አንጎራጎርኩለት። ስማቸውን አላውቅማ! ያንን ከፈተ፣ አይደለም አልኩት፤ ይሄንን ከፈተ፣ አይደለም አልኩት። ከኋላዬ ሰው ተሰለፈ። በመጨረሻ አገኛቸው።»

«ቋንቋው ሳይገባዎት?»

መርፌውን አቆሙ። ወንድማቸው በቀይ ሽብር እንደ ተገደለ አውቃለሁ። ሬሳው መንገድ ላይ እንደ ዋለና እናታቸው ልቅሶ እንዳይቀመጡ እንደ ተከለከሉም አውቃለሁ።

«እኛ ቤት ማልቀስ በፈቃድ ነበር፤ ፈቃድም አልተገኘም» አሉ። «ያ ዘፋኝ ሲጮህ ስሰማው፣ ይሄ ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ነው የሚጮኸው አልኩ። ከዚህ ወዲያ ምን ይግባኝ?»

እንግሊዝኛዬን ከአሮጌ መጻሕፍት ለብቻዬ የተማርኩ ሰው ነኝና አንዴ የዘፈኑን ግጥም ተርጉሜ አነበብኩላቸው። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ «ልጄ፣ እባክህ ተወው፣ አበላሸኸው» አሉኝ።

አሁን ወደ ድንጋዩ ልምጣ። በደርግ ጊዜ ያደገ ያውቀዋል። ለስኳር፣ ለዳቦ፣ ለጋዝ ቀበሌ ሱቅ ፊት ሰልፍ ነበር። ቆሞ መዋል የማይችል ሰው በቦታው ድንጋይ አስቀምጦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ የኋላው ሰው ድንጋዩን በእግሩ ወደ ፊት ይገፋለታል። በዚያ ሁሉ ክፉ ዘመን፣ ሰው በሰው ላይ በሚመሰክርበት ጊዜ፣ የሰው ድንጋይ የሚያነሣ አልነበረም። እትዬ አሰገደች «ሰው ይከዳል፤ ድንጋይ ግን አስቀምጠውት የሄዱበት ቦታ ይጠብቃል» ይሉ ነበር።

የልጆቹ ኮንሰርት ላይ ከመድረኩ ሥር ካለው የብረት አጥር ለመድረስ ከማለዳ ጀምሮ መሰለፍ ያስፈልጋል። አብረን ልንገባ የተቀጣጠርንበት የመጀመሪያው ኮንሰርት ሚካኤል ዕለት ዋለ። እኔ መጋዘን ውስጥ የሥራ ተራ ነበረኝ። እሳቸው ቅዳሴ አያስቀሩም። ስለዚህ በማለዳ መጥተው ከሰልፉ መጀመሪያ ላይ ድንጋያቸውን አስቀመጡ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው ሄዱ።

እኔ ከሥራ ወጥቼ ስደርስ እሳቸውም ደርሰው ኬቨንን አቁመውት ነበር። ኬቨን ያኔ ለእኛ እንግዳ ነው። ድንጋዩን አይቶ፣ ሰው እንዳይሰናከልበት ብሎ፣ አጥር ሥር ቁጥቋጦ ውስጥ ወርውሮታል።

«ድንጋዬስ?» ይሉታል በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው።

«የቱ ድንጋይ?»

«እዚህ የነበረው! እኔ!» ደረታቸውን ይመታሉ። «የጣልከው እኔን ነው!»

ኬቨን ሁለት ሜትር የሚጠጋ ሰው ነው። በእጁ ቢራ ይዟል። እትዬ አሰገደች ደረቱ ጋ አይደርሱም። ወደ እኔ ዞሮ «ምን እያሉ ነው?» አለኝ። ስለ ቀበሌው፣ ስለ ስኳሩ፣ ስለ ሰልፉ ነገርኩት። ቢራውን መሬት አስቀምጦ ቁጥቋጦው ውስጥ ተንበረከከ። አንድ ድንጋይ ይዞ ወጣ።

«ይሄማ የማንም ነው» አሉት። «የኔ መስመር አለው።»

ተመልሶ ገባ። ሲወጣ ክንዱን እሾህ ቧጭሮት ነበር፤ ድንጋዩ ግን ትክክለኛው ነው። እትዬ አሰገደች ተቀበሉት፣ በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ቦታው መለሱት። ከዚያ ከቦርሳቸው ዳቦ አውጥተው ለኬቨን ቆርሰው ሰጡት።

ከዚያ ወዲህ ኬቨን የድንጋዩ ዘበኛ ሆነ። በሚቀጥለው ኮንሰርት የራሱን ይዞ መጣ። ሞሪን የሷን በጥፍር ቀለም ቀይ ቀባችው። ስማቸውን መጥራት ስለማይችሉ «ሚስስ ኤ» ይሏቸው ነበር፤ ሚስስ ኤ መጥተው ድንጋይ ካላስቀመጡ ሰልፉ የተጀመረ አይመስላቸውም። በየዘፈኑ መሐል እልልታ የለመዱትም ከሳቸው ነው። የሞሪን እልልታ እስከ ዛሬ የታመመች ዶሮ ነው የሚመስለው፤ ግን አታቋርጥም።

ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ጠበል ጸዲቅ እየቀመስን ሳለ አቶ ታደሰ ሰው እየሰማ ተናገሩ።

«ወይዘሮ አሰገደች፣ ከሰካራም ጋር ሲዘሉ አየናቸው የሚሉ አሉ። ውሸት ነው ይበሉኝና ልረፍ።»

«ማን ነው ያየኝ?»

«ሰው ነዋ!»

«እሱስ እዚያ ምን ሊሠራ ሄዶ ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። አቶ ታደሰ አልሳቁም።

«ነገሩ አያስቅም። በዚህ ዕድሜ ያስተዛዝባል። ዘፋኞቹም አርጅተዋል አሉ፤ ምናለ ቤታቸው ቢቀመጡ? እርስዎስ ምናለ ቢቀመጡ?»

እትዬ አሰገደች ሳህናቸውን አስቀመጡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

«አቶ ታደሰ፣ እርስዎም እኔም ቀበሌ ስብሰባ ውለን እናውቃለን። አጨብጭቡ ሲሉን አጨብጭበናል። ለምን እንደምናጨበጭብ እንኳ ሳንሰማ አጨብጭበናል። ወንድሜን የገደሉ ሲናገሩ አጨብጭቤያለሁ። እውነት ነው ውሸት?»

አቶ ታደሰ ክራባታቸውን አስተካከሉ።

«እነዚህ ልጆች አጨብጭቢ ብለውኝ አያውቁም። መዳፌን የማዘው እኔ ነኝ። በዚህ ዕድሜዬ ካላዘዝኩት መቼ ላዘው ነው?»

ከዚያ በኋላ ሁለቱ ለረጅም ጊዜ ሰላምታ ብቻ ነበሩ። እትዬ አሰገደች ግን ከዕድሩም ከኮንሰርቱም አልቀሩም።

ልባቸውን ያመማቸው ልጆቹ የመሰነባበቻ የኮንሰርት ዙር ያወጁ ጊዜ ነው። የለንደኑ ኮንሰርት የመጨረሻቸው ሊሆን ነው ተባለ። ቲኬት ቆርጠናል፤ አጥሩ ሥር ቆመው የሚያዩበት ነው። ሐኪሙ ደረጃ እንዳይወጡ እንኳ ከልክሏቸዋል። እኔ ለሕመምተኞች የተለየ ከፍ ያለ ቦታ እንዳለ፣ ወንበርም እንደሚሰጥ አነበብኩና አፕላይ ላድርግልዎት አልኳቸው። አልጋ ላይ ሆነው አዩኝ።

«ተቀምጬ ልሰናበታቸው?»

«ቢደክምዎትስ ብዬ ነው።»

«እንግዳ የሚሸኘው ተነሥቶ ነው። እናትህ ይሄንን አላስተማረችህም? ሞቴ ካልቀደመ ቆሜ ነው የምሸኛቸው። ከቀደመም...» ትንሽ አረፉ። «ከቀደመም ድንጋዬን ታስቀምጥልኛለህ። ቦታዬን ማንም እንዳይወስደው።»

ሞት ቀደመ።

ልቅሶ ቤት ሊያ ከአቶ ታደሰ ጋር ተጣላች። ጋዜጣ በተነጠፈበት ጠረጴዛ ዳር ቆማ፣ ለቀስተኛ እየሰማ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ እያደባለቀች።

«ጋሼ፣ ሲሪየስሊ? ያነበቡት የአክስቴ ታሪክ ነው? የማን እንደሆነ አላወቅሁትም እኮ!»

«ልጄ፣ ለሬሳ ክብር አለ።»

«ኤግዛክትሊ! እሷ ያላፈረችበትን እርስዎ ለምን ያፍሩላታል? ቅዳሜ ሰልፉ ላይ ይምጡ። ለመሰለፍ ቲኬት አያስፈልግም። አይተው ከዚያ ይፍረዱ።»

የሚመጡ አልመሰለኝም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከአውቶቡስ ሲወርዱ አየኋቸው። ከኬቨን ጋር ተጨባበጡ። ሞሪን ወንበሯን ልትለቅላቸው ብድግ አለች፤ እምቢ አሉ። ከዚያ ድንጋዩን አዩት። ከኋላው የተደረደሩትን የኛንም አዩ። ጎንበስ አሉ።

«ይሄ የቀበሌው ነው እኮ» አሉኝ ቀስ ብለው።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እኔ የሸክላ ስባሪ ነበር የማስቀምጠው።»

ከዚያ ከሰልፉ ጎን፣ ከገመዱ ማዶ ቆሙ።

አንድ ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ሴኩሪቲ መጥቶ ድንጋዩን በጫማው ጫፍ ነካ። «ይሄ የማነው?»

«የሚስስ ኤ» አለ ኬቨን።

«የት ናቸው?»

«ሞተዋል» አለች ሞሪን ከወንበሯ ሳትነሣ። «ቦታቸው ግን ይሄ ነው።»

ሴኩሪቲው ሳቀ፤ ማንም አብሮት አልሳቀም። «በሩ ሲከፈት ይነሣል» ብሎ ሄደ። ከኋላችን የነበረ ወጣት «ለሞተ ሰው ወረፋ ይያዛል እንዴ?» አለ። ሞሪን ጠራችውና ነገረችው። ምን እንዳለችው አልሰማሁም። ልጁ ትንሽ ቆይቶ ተነሥቶ ሄደ፤ ሲመለስ የጡብ ስባሪ ይዟል፤ ከኛ ድንጋዮች ኋላ አስቀመጠው። ከሱም ኋላ ሌሎች አስቀመጡ። እስከ የት እንደ ደረሰ መጨረሻውን አላየሁትም።

በሩ ሲከፈት የፈራነው መጣ። ፍተሻ ላይ ድንጋዩን በእጄ እንደ ያዝኩ አስቆሙኝ። ድንጋይ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ኬቨን ለመነ፣ ጮኸ፣ ለሴትዮዋ መታሰቢያ ነው አለ። ፈታሹ «ወይ ጣሉት፣ ወይ ወደ ጎን ውጡ» ይላል። ከኋላችን ሰው ይገፋል። በሌላኛው በር ያሉት አልፈውን ወደ አጥሩ እየሮጡ ነው። ወደ ጎን ብንወጣ ቦታቸው ሄደ፤ ብንጥለው እሳቸውን ጣልን። እኔ ድንጋዩን ይዤ ደረቅሁ። ቃል የሰጠሁት ለድንጋዩም ለቦታውም ነው።

«አምጣው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አቶ ታደሰ ከገመዱ ማዶ እጃቸውን ዘርግተዋል። «አምጣው አልኩህ! እናንተ ገብታችሁ ቦታዋን ያዙ። ይሄን የውጪውን እኔ እይዘዋለሁ።»

ሰጠኋቸው። ሮጥን። ሞሪን በዚያ በሚያማት ጉልበቷ ሮጠች።

አጥሩ ጋ ደረስን። በኬቨንና በእኔ መሐል አንድ ሰው የሚያህል ክፍት ቦታ ተውን። ሊያ ከእኔ ቀጥላ፣ ሞሪን ከኬቨን ማዶ ነበሩ። ከኋላ ሰው እንደ ጎርፍ ይገፋል፤ ኬቨን ጀርባውን ሰጥቶ፣ ሁለት እጁን ብረቱ ላይ ተክሎ፣ አልተነቃነቀም። አንድ ሰውዬ ክፍቱን አይቶ ሊሾልክ ሲል ሞሪን «ተይዟል» አለችው።

«ባዶ ነው እኮ!»

«ተይዟል!»

ልጆቹ መድረክ ላይ ወጡ። ፀሐይ ገና አልገባችም ነበር። ከበሮ መቺው ወገቡን ይዞ ተቀመጠ። ጋዜጣ የጻፈባቸውን ሁሉ እየሰማ እንዳልሰማ ሆኖ መታ። እትዬ አሰገደች ገበያ ውስጥ ያንጎራጎሩትን ያንን ዘፈን ሲጀምሩ ሊያ እልል አለች። ሞሪን ተቀበለች። ከዚያ ከኋላችን፣ ከማናውቃቸው ሰዎች፣ እልልታው መጣ። ዘፋኙ ወደ ክፍቱ ቦታ አየ የሚሉ አሉ። እኔ ያኔ የማየው የጊታሪስቱን ጣቶች ነበር፤ ስለዚህ አየ አልልም፤ አላየም አልልም። ቦታው ግን እስከ መጨረሻው ማንም አልቆመበትም።

ስንወጣ አቶ ታደሰ ትተናቸው በሄድንበት ናቸው። ኮታቸውን አላወለቁም፤ ክራባታቸውን አላላሉም። ድንጋዩ እግራቸው ሥር ነው። ያ ሴኩሪቲ አንሡ እያለ ተመላልሶባቸው እንደ ነበር ነገሩን፤ በመጨረሻ እሱም ተወው።

«ያን ሁሉ ሰዓት ቆመው?» አለች ሊያ።

«ሽኝት አይደል እንዴ?»

«ይሰማ ነበር?»

«ለንደን ሙሉ ይሰማ ነበር!»

ሊያ አየቻቸው። «ጋሼ፣ አጨበጨቡ እንዴ?»

አቶ ታደሰ መዳፋቸውን ዘርግተው ተመለከቱ፤ ከዚያ ኪሳቸው ከተቷቸው።

«ማንም አላዘዘኝም» አሉ።

ድንጋዩን ይዘው የሄዱት እሳቸው ናቸው። ዛሬ የአዳራሻችንን በር እንዳይዘጋ የሚደግፈው እሱ ነው፤ ለማየት የፈለገ ሄዶ ነጩን መስመር ይፈልግ።

እኔ ያየሁትን ጻፍኩ። ሞሪን ጡቡን ያመጣውን ወጣት ምን ብላ እንዳሳመነችው አላውቅም። ከጡቡ ስባሪ ኋላ ማን ምን እንዳስቀመጠ አላውቅም። ዘፋኙ አየ የምትሉ፣ በየትኛው ዘፈን ላይ እንደሆነ ንገሩኝ። አቶ ታደሰ ውጪ ብቻቸውን ሲቆሙ በአጠገባቸው ያለፋችሁም ትኖራላችሁ። ከዚህ ጽሑፍ ሥር ቦታ ትቻለሁ፤ የነበራችሁ ሁሉ የያዛችሁትን አምጥታችሁ አስቀምጡ። የማንንም አላነሣም።